ደ ሆኸዌይክ፦ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን መንደር

ደ ሆኸዌይክ በኔዘርላንድ፣ ከአምስተርዳም አጠገብ በምትገኘው ዌስፕ የሚገኝ፣ ዲሜንሺያ የተባለው የመርሳት ሕመም የጠናባቸው አረጋውያን መኖሪያ መንደር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ተገንብቶ የተጠናቀቀ ሲሆን ቪቪየም የተባለ የእንክብካቤ ድርጅት ያስተዳድረዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዓለም የመጀመሪያው የዲሜንሺያ መንደር ተብሎ ይታወቃል። ነዋሪዎቹ ቀንና ሌሊት እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚኖሩት ግን ኩሽናና ሳሎን ባለው ቤት እንጂ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ አይደለም።

ሕመሙና መኖሪያው

ዲሜንሺያ የማስታወስ፣ የማመዛዘንና የመግባባት ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያዳክሙ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሰዎች 57 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ትዝታ ነው። ትናንት የመጣ እንግዳ ሲረሳ የልጅነት ሰፈር፣ ለዓመታት የተለመደ የእጅ ሥራና የቤት ውስጥ ምግብ ሽታ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ስለዚህ ታማሚው አዲስ ቦታ ለምዶ መንገዱን ማግኘት ይከብደዋል። አንድ ዓይነት በሮች የተደረደሩበት ረጅም ኮሪደር ያደናግረዋል፤ የተቆለፈ በር ያስጨንቀዋል። በአንጻሩ የሚያውቀውን የሚመስል ቤት የቀረውን ችሎታ እንዲጠቀምበት ይረዳዋል። የደ ሆኸዌይክ አሳብ የተነሣው ከዚህ ነው።

አመሠራረት

በቦታው ቀደም ሲል ሆኸዌይ የተባለ ባለ ብዙ ፎቅ የተለመደ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ይሠሩ ከነበሩት አንዷ ኢቮን ቫን አመሮንገን ነበሩ። አባታቸው በድንገት ሲያርፉ፣ እንዲህ ባለ ተቋም ውስጥ ሳይገቡ በመቅረታቸው መጽናናታቸውን ታዘቡ። ለገዛ አባታቸው ያልተመኙትን ኑሮ ለሌሎች ማቅረባቸው ከባድ ጥያቄ ሆነባቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ተመካክረውም ነዋሪዎችን በአኗኗር ልማዳቸው በትናንሽ ቤተሰቦች ማደራጀት ጀመሩ። በኋላ አሮጌው ሕንጻ ፈርሶ በምትኩ መንደሩ ተሠራ። ግንባታው ከ19 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የፈጀ ሲሆን አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ሸፍኗል።

ንድፍ

መንደሩ 1.5 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ ያረፈ ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ጎዳናዎችን፣ አደባባዮችንና የአትክልት ቦታዎችን ይከባሉ። የቤቶቹ የውጭ ግድግዳ ራሱ ቅጥር ስለሆነ ሌላ አጥር ብዙም አላስፈለገም። መውጫና መግቢያው አንድ ሲሆን እንግዳ ተቀባዮች ይጠብቁታል። ከበሩ ወደ ውስጥ ነዋሪው ያሻውን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፤ መንገድ ቢጠፋበትም የሚመራው ሰው አያጣም።

ሲከፈት 23 ቤቶችና 152 ነዋሪዎች ነበሩት፤ በኋላ ቤቶቹ 27፣ ነዋሪዎቹም ወደ 190 የሚጠጉ ሆነዋል። በአንድ ቤት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ይኖራሉ። እያንዳንዱ የራሱ መኝታ ክፍል ሲኖረው ሳሎንና ኩሽና የጋራ ናቸው። ቤቶቹ መጀመሪያ በሰባት የአኗኗር ዘይቤዎች ተከፍለው ነበር፦ የከተሜ፣ የባለ እጅ ሙያ፣ የባህል ወዳጅ፣ የክርስቲያን፣ በኢንዶኔዥያ የኖሩ ሰዎችና የመሳሰሉት። የዕቃው፣ የምግቡና የሙዚቃው ምርጫ ይህን ተከትሎ ይለያይ ነበር። በኋላ ዘይቤዎቹ ወደ አራት ተቀንሰዋል።

የመንደሩ ንድፍ የሚመለከተው በዋናነት ማኅበራዊ ኑሮን ነው። ለዲሜንሺያ የሚመች ቤት ከዚህ ሌላ የሚጠይቃቸውን ጉዳዮች በስኮትላንድ የሚገኘው የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ የዲሜንሺያ ማዕከል ከ1989 ጀምሮ ሲያስተምር ቆይቷል። ያረጀ ዓይን ብዙ ብርሃን ይሻል። የሽንት ቤት በር ከአልጋ ላይ ቢታይ ሰው ሳይጨነቅ ያገኘዋል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ቀለም ከወለሉ የተለየ መሆን አለበት። ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ፣ የሚያብረቀርቅ ወለል ደግሞ ውሃ ሊመስል ስለሚችል ሁለቱም አይመከሩም። ደረጃ የሌለበት መግቢያና የእጅ መደገፊያ ደግሞ ለደከመ ጉልበት የግድ ያስፈልጋሉ።

የዕለት ኑሮ

በመንደሩ ሱፐርማርኬት፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ጸጉር ቤትና ቴአትር ቤት አሉ። ምግብ የሚበስለው በየቤቱ ነው። ነዋሪው ከሠራተኛ ጋር ገበያ ይወጣል፤ አቅሙ እንደፈቀደ አትክልት ይልጣል፤ ልብስ ያጣጥፋል። ሠራተኞቹ የሕክምና ባለሙያዎች ቢሆኑም ነጭ ጋውን አይለብሱም። በርካታ በጎ ፈቃደኞችም ያግዛሉ። ምግብ ቤቱና ቴአትሩ ለአካባቢው ሕዝብ ክፍት በመሆናቸው ጎረቤት ይገባል፤ ነዋሪውም ከሰው አይነጠልም። እንክብካቤው የሚሸፈነው እንደ ሌሎቹ ማዕከላት ሁሉ ከሀገሪቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሲሆን፣ ነዋሪውም እንደ ገቢው መጠን የድርሻውን ይከፍላል።

ትችት

አንዳንድ ተቺዎች መንደሩ ታማሚውን በአስመሳይ ዓለም ያታልላል ይላሉ። መሥራቾቹ ሱቁም ምግብ ቤቱም እውነተኛ እንደሆኑ በማስረዳት ይመልሳሉ። ክብደት ያለው ትችት ግን የመዘጋቱ ጉዳይ ነው፦ ግቢው ምንም ቢያምር ነዋሪው ብቻውን ከበሩ አይወጣም፤ ታማሚዎችን በአንድ ላይ ማኖርም ከኅብረተሰቡ ያርቃቸዋል ይባላል።

ተመሳሳይ መንደሮች

የደ ሆኸዌይክ አርአያነት ከኔዘርላንድ ውጭ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። በካናዳ የላንግሊ መንደር በ2019 ተከፈተ። በ2020 ደግሞ በፈረንሳይ ዳክስ ከተማ 120 ነዋሪዎች የሚይዘው የላንድ አልዛይመር መንደር፣ በአውስትራሊያ ሆባርትም ስምንት ስምንት ሰው የሚኖርባቸው 12 ቤቶች ያሉት ኮሮንጊ ሥራ ጀመሩ። በዳክስ ተመራማሪዎች የነዋሪዎቹን፣ የቤተሰቦቻቸውንና የሠራተኞቹን ሁኔታ ይከታተላሉ።

እንዲህ ያለ መንደር መገንባት ትልቅ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የቆመበት መርሕ ግን በየትኛውም ቤት ሊሠራ ይችላል። በቂ ብርሃን፣ ግልጽ መንገድ፣ የለመዱት ሥራና የጎረቤት ደጅ የትዝታ መድከም የያዘውን ሰው ክብር ይጠብቃሉ። ለአረጋውያን ቤት የሚነድፍ ሁሉ ከእነዚህ ቢጀምር ይገባል።