«ማን ነገረህ?» ታሪክን ለመጻፍ ለሚነሱ

የዛሬው ዝግጅታችን የአካባቢያቸውን ታሪክ ለመጻፍ ለሚሹ ወጣቶች ነው።

ምሳሌያችን ከአዊ ዞን ይሁን። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ነው። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ይበልጣል። የአገሬው ሽማግሌዎች ደግሞ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የራሳቸው ትረካ አላቸው። ጸሐፊው የትኛውን ይጣል? አንዱንም አይጥል። ፍንዳታው የምድሪቱ ታሪክ ነው፤ ትረካው የሕዝቡ ትውስታ ነው። ጥፋቱ ሁለቱን መቀላቀል ነው።

ለዚህ ሥራ የሐዲስ ሊቃውንት ትልቅ ትምህርት ትተውልናል። በ256 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አል-ቡኻሪ «ምን ተባለ?» ብለው ብቻ አላቆሙም፤ «ማን ከማን ሰማ?» ሲሉም መርምረዋል። ይህ ኢስናድ ይባላል። ኢብን ኸልዱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ፣ የሠራዊት ቁጥር ያጋነኑ ጸሐፊዎችን ተችተዋል። ወሬው ሊሆን የሚችል ነውን? ይህም መጠየቅ አለበት።

በመጽሐፍ የታተመ ሁሉም እውነት አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከዘንገና ብዙም የማይርቀውን ግሽ ዓባይን ጎብኝቶ፣ ከአውሮፓውያን የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እዚያው ደርሶ ነበር። ብሩስን ብቻ ያነበበ ይሳሳታል፤ ሁለቱን ያስተያየ ግን ይደርስበታል።

የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድም (ረሒመሁላህ) እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የወሎ እስልምና ታሪክ፣ በዐረብኛ በእጅ የተጻፉ ሰነዶችን ከአፍ ታሪክ ጋር አገናዝበዋል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ደብተር ይዛችሁ አዛውንቱ ዘንድ ቅረቡ። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ። በዓይናቸው ያዩትን ከሰሙት ለዩ፤ የሰሙትንም ከማን እንደሰሙ ጠይቁ። በአዊኛ ከነገሯችሁ መጀመሪያ በአዊኛው ጻፉት፤ ትርጉሙ ቀጥሎ ይምጣ። ሌላ ሽማግሌ ሌላ ቢሉ፣ ሁለቱንም ከነልዩነታቸው አስፍሩ። የራሳችሁን ጎሳ የሚያስመሰግነውን ቃል ደግሞ ከሁሉ አብልጣችሁ መርምሩ፤ ሰው የሚወደውን ወሬ ሳያጣራ ይቀበላልና።

በጎጃም መንገዶች ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭነው እስከ ጎንደርና ምጽዋ የዘለቁ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። የብዙዎቹ ስም በመጽሐፍ የለም፤ ካለም ያለው በልጅ ልጆቻቸው አንደበት ነው። ዛሬ ያልተጠየቀ አዛውንት ነገ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችንን ለከርሞ አናሳድር።