ሰው እስኪገባ መጠበቅ፦ ከድሮዋ መካ እስከ ጅዳ በለድ

ዛሬ የማወራችሁ የማዳም ታሪክ ሳይሆን የፎቶ ታሪክ ነው። መጨረሻው ግን እኛው ጋ ስለሚመጣ ታገሱኝ።

እዚህ ጅዳ ከምሠራበት ቤት ማዶ አንድ ነጭ ግድግዳ አለ። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ የዛፍ ጥላ ጥላበት አየሁ። አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። «ባዶ ግድግዳ ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በማግስቱ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። አንድ ሽማግሌ ዳቦ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በጥላው መሀል አለፉ። ያኔ ፎቶ ሆነ።

ለካ የታወቀ ዘዴ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ኢዬር በምትባል ከተማ ከደረጃ አናት ላይ ሆኖ ታች በብስክሌት የሚያልፍ ሰው አነሳ። ደረጃው የትም አይሄድም፤ ፎቶውን ፎቶ ያደረገው ብስክሌተኛው ነው።

እኛ ያለንበት አገርስ? የግብፅ ጦር መሐንዲስ የነበረው ሙሐመድ ሳዲቅ ቤይ እ.ኤ.አ. በ1861 መዲናን፣ በ1880 ደግሞ መካን በፎቶ አነሳ። ከዚያ በፊት የተነሳ ፎቶ አይታወቅም። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሳው መድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ስለነበር ብርሃኑን እስኪይዝ ሴኮንዶች ይፈጃል። የቆመ ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል። የሚራመድ ሰው ግን ወይ እንደ ጭስ ይደበዝዛል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ በድሮ ፎቶ ላይ ባዶ መንገድ ብታዩ፣ መንገዱ ባዶ ነበር ማለት ላይሆን ይችላል። ለመነሳት ጊዜ ያለው ሰው ቆሞ ይታያል፤ ሸክም ይዞ የሚጣደፈው ይጠፋል። እህቶቼ፣ ይቺን ነገር ሳውቅ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ስምም ይጠፋል። ስኑክ ሁርግሮንዬ የሚባል ሆላንዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1884 ጅዳ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት መካ ሄዶ ወራት ተቀመጠ። እዚያ ለአንድ የመካ ሐኪም ፎቶ ማንሳት አስተማረው። ሐኪሙ ሰይድ አብዱልጋፋር ይባላል፤ ከመካ ተወላጆች የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ እሱ ነው ይባላል። ሆላንዳዊው ከሄደ በኋላ እያነሳ ይልክለት ነበር፤ ፎቶዎቹ ላይም በዐረብኛ ስሙን ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ፎቶዎቹ በመጽሐፍ ሲታተሙ ግን ፊርማው ጠፍቶ ወጣ። መጽሐፉ ያነሳው እንዲያው ሐኪም ብሎ ነው። ስሙ ወደ ቦታው እስኪመለስ ረጅም ጊዜ ፈጀ።

ይኸው ሆላንዳዊ ስለ መካ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በየቤቱ በባርነት ስለሚኖሩ የሀበሻ ሴቶችም አለ። ባርነት በሳዑዲ በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ያ ባርነትና የእኛ ኮንትራት አንድ ነው አልልም። ግን ልጅ ያሳደገች፣ ያበሰለች፣ ያጠበች ሀበሻ እዚህ አገር ሳትታይ ስታልፍ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

እኛ ግን ስልክ አለን። በለድ የሄዳችሁ እነዚያን የእንጨት መስኮቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሮሻን ይሏቸዋል። ከውስጥ ያለችው ሴት መንገዱን ታያለች፣ መንገደኛው እሷን አያያትም። እኛም እንደዚያው ነን። መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ፦ በር፣ ደረጃ፣ የግድግዳ ብርሃን። ስልኩን ዝም አሰኝታችሁ ያዙ። ከዚያ ጠብቁ። መጠበቅ እንደሆነ ማን ያስተምረናል! ኢቃማ ጠብቀናል፣ ደሞዝ ጠብቀናል።

ግን ተጠንቀቁ፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የሳዑዲ ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን ገመና መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስር፣ እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያመጣል። የሰው ፊት፣ በተለይ ሴትና ሕፃን፣ እንዲሁም የአሠሪ ቤት ውስጥ አታንሱ። ጥላ ይበቃል፤ ከሩቅ የታየ ጀርባ ይበቃል።

እኔ ባለፈው ዓርብ ግድግዳው ጋ ጠብቄ ጠብቄ ማንም አላለፈም። ስልኩን የቆሻሻ በርሜሉ ላይ አስደግፌ፣ ሰዓት ሞልቼ፣ ራሴ በጥላው መሀል አለፍኩ። ፊቴ አይታይም፤ የያዝኩት ባልዲ ይታያል። ለእህቴ ስልክላት ስሜን፣ ቀኑንና «ጅዳ» የሚለውን ጻፍኩበት።

እናንተም ስማችሁን ጻፉበት። ለአገራችን በሰላም ያብቃን።