የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ መስመሮች ትናንትና ዛሬ

ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሰው አውራ ጎዳናውን ይዞ ወደ ቦሌ ያመራል። በዚሁ ጎዳና፣ በሆለታ አካባቢ የሚለማው ጽጌረዳም በማቀዝቀዣ መኪና ተጭኖ ወደዚያው ይሄዳል። ሰውም ሆነ ምርት በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ የሚወስነው አየር መንገዱ የዘረጋው የበረራ መስመር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት “ዓ.ም.” ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአሥመራ እስከ ሞንሮቪያ

አየር መንገዱ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። የመጀመሪያውን በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በ1958 ፍራንክፈርት ደረሰ። በ1960 አህጉሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ እስከ ሞንሮቪያ ዘለቀ፤ ከዚያ በፊት ብዙ አፍሪካውያን ወደ ጎረቤት አህጉራዊ ከተማ ለመድረስ በአውሮፓ ይዞሩ ነበር። የልደታ ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ የጄት በረራም በ1963 ተጀመረ።

ወደ ሩቅ ምሥራቅና ወደ አሜሪካ

በ1973 ወደ ቻይና፣ በ1998 ወደ አሜሪካ መብረር ተጀመረ። በ2010 የቶጎዋ ሎሜ የምዕራብ አፍሪካ መናኸሪያ ሆነች፤ በ2013 ደግሞ ሳኦ ፓውሎ ተጨመረች። ዛሬ ዓለም አቀፍ መዳረሻዎቹ ከ130 በላይ ናቸው። የአሠራሩ ምሥጢር ከየአቅጣጫው የሚመጡ አውሮፕላኖች በተቀራረበ ሰዓት አዲስ አበባ እንዲገናኙና መንገደኞች እንዲለዋወጡ መደረጉ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅና ጭነት የያዘ አውሮፕላን ለመነሣት ይቸገራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ፣ የመልሱ ግን በቀጥታ የሚመጣው ስለዚህ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለታቀደው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ስፍራ መመረጡም ይህን ችግር ያቃልላል።

መስመር ሲዘጋ

መስመር በገበያ ብቻ አይጸናም። የመጀመሪያው በረራ የረገጣት አሥመራ በ1998 በጦርነቱ ምክንያት ተዘጋች። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲቀጥል ለሃያ ዓመታት የተለያዩ ቤተሰቦች በእንባ ተገናኙ። በ2024 ግን እንደገና ተቋረጠ።

ለአበባ አምራቹም ነገሩ ያው ነው። አበባ ከተቀጠፈ በኋላ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ በጭነት አውሮፕላን እስከ ቤልጂየሟ ሊዬዥ፣ ከዚያም በመኪና ወደ ሆላንድ ገበያ ይጓዛል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ሲያስቀር አየር መንገዱ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ጭነት ጫነባቸው። ሰው ባይጓዝም ጭነት የመስመሩን ሕይወት ሊያቆይ እንደሚችል ያ ዓመት አሳይቷል።