ጥምር ዘዴ (በድህነት ጥናት)

ጥምር ዘዴ የቤተሰብ መጠይቅ አኃዞችን ከቃለ ምልልስ፣ ከቡድን ውይይትና ከምልከታ ጋር አዋሕዶ ድህነትን የሚመረምር ስልት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው በእነማይ ወረዳ የምትገኘው ጤፍ አብቃይዋ የትመን ናት። መንደሯ ያለችው ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ነው።

የአዲስ አበባና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የገጠር ቤተሰቦች ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 15 መንደሮችን ሲያቅፍ የትመን አንዷ ነበረች። ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ስለ ፍጆታቸው፣ ስለ መሬታቸውና ስለ ከብቶቻቸው በተለያዩ ዙሮች ተጠየቁ። በእነዚሁ መንደሮች ፊሊፓ ቤቫንና አሉላ ፓንክረስት የየማኅበረሰቡን ታሪክና አኗኗር የሚገልጹ ጥናቶች አዘጋጁ።

የመጠይቁና የእነዚህ ጥናቶች ጥምረት ጥቅም በበሬ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። መጠይቁ «አንድ በሬ» ብሎ ይመዘግባል። ባለ በሬው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ በወቅቱ ያርስ እንደሆነ፣ ወይም ጉልበት ያጣች ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ የምርቷን ግማሽ ታጣ እንደሆነ የሚታወቀው ግን ቁጭ ብሎ በማነጋገር ነው። ምርት ሲደርስ የተጠየቀና በክረምት የተጠየቀ ቤተሰብም መልሱ አንድ አይሆንም።

ቤቫንና ሳንድራ ጆይረማን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ የተለያዩ መለኪያዎች የተለያዩ ሰዎችን «ድሃ» እንደሚሉ አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እርዳታ የሚደርሰው በመለኪያው ለተለየው ሰው ነውና።