የዳኮታዋ ሰዎች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። የመጀመሪያዎቹ አምስት አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ዳኮታዎች ነበሩ፤ ሰውም ጭነትም በአንድ ሆድ ይጓዝባቸው ነበር። ይህ ሁሉ ተጽፏል።

ላስታ ላይ ግን ያልተጻፈው ይበዛል። ዳኮታዋ በበጋ ላሊበላ ሣር ሜዳ ላይ ስታርፍ፣ በበቅሎ ቀናት የሚፈጀው መንገድ በሰዓታት ያልቅ ጀመር። ጭነቷን ከሚያወርዱት አንዱ አባቴ ነበር። ባንክ ቤት የምሠራ ነኝና ያልተመዘገበ እንደማይቆጠር አውቃለሁ፤ ስለዚህ የባልደረቦቹን ልጆች ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅሁ። አንዷ ከእናቷ ሣጥን የደበዘዘ የጭነት ወረቀት አወጣችልኝ። ጀርባው ላይ በእርሳስ የአምስት ጫኝና አውራጆች ስም ተጽፏል፤ ሦስተኛው አባቴ ነው።

የቀሩትን ሣጥኖች ዛሬ ካልከፈትናቸው፣ ነገ ማን ይከፍታቸዋል?