የእንጅባራ በረንዳዎች

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ የአገውን ደጋ ወጥቶ እንጅባራ ሲደርስ፣ በስተግራው ወደ ቻግኒ የሚገነጠለውን መንገድ ከማየቱ በፊት ዓይኑን የሚቀበለው በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር የተሰለፈው ሱቅ ነው። ኮሶበር ተብላ ትጠራ የነበረችው ይህች ከተማ የቀድሞ ስሟን የወረሰችው ከኮሶ ዛፍ ነው፤ ድሮ ለመድኃኒት ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ዕለት ከሥራ ነጻ ሆኖ እቤቱ ይውል ነበርና፣ በዚህ ዛፍ ስም የተጠራች ከተማ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ፈትታ አለመዋሏ ፈገግ ያሰኛል።

ሱቅ ከመሠራቱ አስቀድሞ ግን ገበያ ነበረ። ሰባት ቤት እየተባለ በሚጠራው አገው የባንጃና የአንከሻ፣ የዚገምና የኳኩራ ባላገር ፈረሱንና በቅሎውን፣ ማሩንና እህሉን ይዞ በዐውደ ገበያ ሲገናኝ፣ ከበላዩ ሰማይ እንጂ ጣራ፣ ከእግሩ በታችም ሣር እንጂ ወለል አልነበረውም፤ ልውውጡ በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ሲፈጸም ውሎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የነጋድያኑ ጉባኤ ይበተንና ሜዳው ለከብት ይተው ነበር። ያኔ እንጅባራን በማዕረግ የምትቀድማት እኅት ከተማ ዳንግላ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ቆንስል ቺዝማን ከ1918 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መቀመጫው አድርጎ የጣናንና የዓባይን ነገር የመረመረው ከዚያ ሆኖ ነው፣ ኋላም የአገው ምድር አውራጃ ርእሰ ከተማ ሆና የቆየችው እርሷ ናት።

እንጅባራን የወለዳት የመኪና መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በወረራው ዘመን ጣልያን በዚህ ሥፍራ ጦር አስፍሮ ነበር፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከበላያ ተነሥቶ ሲቃረብ ጣልያን ሥፍራውን ለቅቆ ወደ ቡሬ አፈገፈገ። ጦሩ ሄደ፣ መንገዱ ቀረ፤ ነጋዴውም ጀርባውን ለእርሻው ሰጥቶ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ቤት መትከል ያዘ።

የዚያ ዓይነቱን ሱቅ ያየ ሰው አሠራሩን አይስተውም። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከላል፣ ማገር ይማገርበታል (የአገው ደጋ ቀርከሃ ስለማይታጣበት እርሱም በሥራው ውስጥ ድርሻ አለው)፣ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ፣ በመካከል መጋረጃ፤ ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጨውና ላምባ፣ ስኳርና አቡጀዲ ሲሸጥ፣ የወጡ ሽታ መጋረጃውን አልፎ ይመጣል።

የእኔ ልብ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያደላው ለበረንዳው ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ በምሰሶዎች ላይ ሲደገፍ፣ ከሥሩ ልብስ ሰፊው መኪናውን ይዘረጋል፣ ገበያተኛው ከአገው ክረምት ዝናብ ይጠለላል፣ ባላገሩም ፈረሱን ከምሰሶው ያስራል፤ ይህ ሁሉ የሚደረግበት መሬት የባለሱቁ ሆኖ ሳለ ኪራይ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ በትንሽ ከተማ ከዚህ የሚያልፍ ኪራይ የሚከፈልበት ሱቅ ስንት ይሆን ኖሯል? ባለቤቱ ባዕድ የሆነበት፣ ተከራዩም ባለቤት ያልሆነበት ቤት ቆርቆሮው ሲዝግ አዳሽ ያጣል፤ ስለዚህ የእነዚህ ሱቆች መልክ እንደ ቆመ ሰዓት በነበረበት ቀረ።

እንጅባራ የአገው አዊ ዞን ርእሰ ከተማ ከሆነችና በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ግን የጭቃው ሱቅ ቦታውን ለብሎኬትና ለመስታወት መልቀቅ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. መሠረቱ ወደ ተጣለው የሕዳሴ ግድብ የሚወስደው መንገድ ከዚሁ ስለሚገነጠል፣ ለሆቴሉም ለመደብሩም ሌላ ምክንያት ተጨመረ። ፎቁን አልነቅፍም፤ የጭቃ ቤትን እንጨት ምስጥ እንደሚበላው የማያውቅ ብቻ ነው ጭቃን ያለ ልክ የሚያወድስ። ነገር ግን በካሬ ሜትር ተለክቶ በሊዝ የተያዘ መሬት ለእንግዳ የሚሆን ጥላ አያተርፍምና፣ አዲሱ ሕንፃ ግድግዳውን እስከ ወሰኑ ገፍቶ በረንዳውን ዋጠው።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ የአዊ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው ወደ ከተማዋ ይጎርፋሉ። ጉግሡ ካበቃ በኋላ ጉሮሮው የደረቀ ፈረሰኛ ከአዲሱ ሕንፃ ፊት ደርሶ፣ የፈረሱን መልክ በመስታወቱ ውስጥ እያየ ጥቂት ይቆምና፣ ልጓሙን የሚያስርበት ምሰሶ ፍለጋ ወደ አሮጌዎቹ የጭቃ ሱቆች ያዘግማል።