ድር ቢያብር፦ የአንድ ካምፓስ ሁለት ታሪኮች

በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱብን ጥያቄ አለ። «የራሱ ኮምፒዩተር የሌለው ሰው እንዴት አድርጎ ነው ኮምፒዩተር የሚማረው?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዱ ማሽን ለብዙ ሰው ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም። በዚህ እትም ምክር ከምንደረድር ታሪክ ብንነግራችሁ ይሻላል ብለን አሰብን። ታሪኩ የተፈጸመው አሜሪካ አገር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሬት ላይ በሚገኝ አንድ ቦታ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

ቦታው ያኔ የስታንፎርድ ሊኒየር አክስለሬተር ማዕከል፣ በአጭሩ «ስላክ» ይባል ነበር። ሥራ የጀመረው በ1966 ሲሆን፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጥ ያለ መሣሪያ አለው። መሣሪያው ኤሌክትሮኖችን በከፍተኛ ፍጥነት እያስወነጨፈ፣ ቁስ አካል ከምን እንደተሠራ ሳይንቲስቶች እንዲያጠኑ ያስችላል። ለእኛ ታሪክ የምንፈልገው ግን መሣሪያውን አይደለም። የማዕከሉን የስብሰባ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍቱን ነው።

አዳራሹ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒዩተር ማለት የመንግሥት፣ የዩኒቨርሲቲና የትልልቅ ድርጅቶች ንብረት ነበር። ተራ ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር ይኖረኛል ብሎ ቢያወራ ይሳቅበት ነበር። በጃንዋሪ 1975 ግን «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለ መጽሔት በሽፋኑ ላይ አልቴር 8800 የሚባል ማሽን ይዞ ወጣ። ዋጋው 397 ዶላር ነበር፤ የሚመጣውም ተበታትኖ ስለሆነ የሚገጣጥመው ገዢው ራሱ ነው። ኪቦርድ የለውም፣ ስክሪን የለውም። ፊት ለፊቱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትንንሽ መብራቶች ብቻ ተደርድረዋል። ማኅደረ ትውስታው 256 ባይት ነበር፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ከምንጽፈው የግዕዝ ፊደል ሁለት መስመር ያህል ቢይዝ ነው።

ታዲያ ይህን ማሽን የገዛ ሰው ምን ያድርግበት? መልሱን ብቻውን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ፍሬድ ሙር እና ጎርደን ፍሬንች የተባሉ ሁለት ሰዎች ፍላጎቱ ያላቸውን ጠሩ። ማርች 5 ቀን 1975፣ በዝናባማ ምሽት፣ ሜንሎ ፓርክ በተባለ ከተማ በሚገኘው የፍሬንች መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ 32 ሰዎች ተሰበሰቡ። ስማቸውንም «ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ» አሉት። «ሆምብሩ» ማለት በቤት የተጠመቀ ማለት ነው። እናቶቻችን ጠላቸውን በቤታቸው እንደሚጠነስሱት ሁሉ፣ እነሱም ኮምፒዩተሩን በቤታቸው ሊጠነስሱት ነው።

ሰው ሲበዛ ጋራዡ ጠበበ፤ ስብሰባውም ቦታ ሲቀያይር ቆይቶ በስላክ አዳራሽ ረጋ። በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ሕዝብ በመቶዎች የሚቆጠር ሆነ። የመግቢያ ፈተናም ሆነ የዲግሪ ጥያቄ የለም። መሐንዲሱም፣ ተማሪውም፣ ነጋዴውም ጎን ለጎን ይቀመጣል።

የስብሰባው አመራር ራሱ ትምህርት አለው። መሪው ሊ ፌልሰንስታይን የተባለ መሐንዲስ ነበር። ስብሰባውን ለሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው ክፍል አንዱ ይነሳና «እኔ ይህን ሠርቻለሁ» ይላል፤ ሌላው «እኔ እዚህ ላይ ተቸግሬአለሁ፣ የሚያውቅ አለ?» ይላል። በዚህ ጊዜ ማን ምን እንዳለውና ምን እንደጎደለው ሁሉም ይሰማል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ወንበሩን ትቶ የሚፈልገውን ሰው ፈልጎ ያነጋግራል፤ ዕቃ ይለዋወጣል፣ የወረዳ ንድፍ ይቀዳል። በስብሰባው የተባለውም በጥቂት ገጽ ጋዜጣ ታትሞ ይሰራጫል። የመጀመሪያው አዘጋጅ ፍሬድ ሙር ነበር። እንደኛይቱ ጋዜጣ ማለት ነው።

ከክለቡ የመጀመሪያ ወራት አንዱን ምሽት እንንገራችሁ። ስቲቭ ዶምፒየር የተባለ አባል አልቴሩን ተሸክሞ መጣ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ፕሮግራም ሲያስገባ ቆየ። ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለበት። ሁሉም ጠፋ! ዶምፒየር ግን ከአንድ ብሎ እንደገና ጀመረ። ሲጨርስ አጠገቡ ካስቀመጣት ትንሽ ራዲዮ የቢትልስ ዘፈን ተሰማ። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ የሚለቀውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ራዲዮዋ ትቀበለው ኖሯል፤ እሱም ሞገዱን በዜማ አሰለፈው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መብራት ሲሄድብን ሥራችን የጠፋብን ሁላችን የዶምፒየርን ልብ እናውቀዋለን።

ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ይመጣ ከነበሩት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነው። ዓይን አፋር ወጣት ስለነበር ተነስቶ ከማውራት ይልቅ የሠራውን ማሳየት ይቀለው ነበር። የነደፈውን ኮምፒዩተር ንድፍ ለክለቡ አባላት በነጻ አደለ፤ እንዲገጣጥሙም ረዳቸው። ያ ንድፍ በ1976 አፕል 1 ሆኖ ለገበያ ወጣ። ዛሬ በዓለም ከታወቁት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው አፕል መነሻው ይህ ነው።

ጭቅጭቁ

ሁሉም ነገር ግን ሰላም አልነበረም። አልቴርን በቀላል ቋንቋ ለማዘዝ የሚያስችለውን ቤዚክ የተባለ ፕሮግራም ቢል ጌትስና ጓደኞቹ ጽፈው ነበር። ፕሮግራሙ በወረቀት ጥብጣብ ላይ የሚበሳ ነበር። በ1975 አንድ ጥብጣብ ከማሳያ ቦታ ተወስዶ ተባዛ፤ በክለቡም ታደለ። ደንቡ «አንድ የወሰደ ሁለት አድርጎ ይመልስ» የሚል ነበር ይባላል።

ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ፦ ከአልቴር ባለቤቶች ፕሮግራሙን የገዙት ከ10 በመቶ በታች ናቸው፤ ያገኘነው ገቢ ለደከምንበት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 2 ዶላር አይሞላም፤ እንዲህ ከሆነ ጥሩ ፕሮግራም ማን ይጽፍላችኋል? የሚል ነው። ብዙዎች ተቆጡ። ከቁጣው ይልቅ የሚደንቀን ግን አንዳንዶቹ ከደብዳቤው በፊት የጀመሩት ሥራ ነው። እዚያው ሜንሎ ፓርክ በሚገኝ ፒፕልስ ኮምፒዩተር ካምፓኒ የተባለ ቡድን ዙሪያ የነበሩ ሰዎች «የራሳችንን እንጻፍ» ብለው ተነስተው ነበር። «ታይኒ ቤዚክ» የተባለ ትንሽ ቋንቋ አወጡ፤ ፕሮግራሙንም ሁሉም አንብቦ እንዲያሻሽለው በመጽሔት ላይ አተሙት። ቶም ፒትማን የተባለ ፕሮግራመር ደግሞ የራሱን ታይኒ ቤዚክ በ5 ዶላር ሸጠ።

እኛ እዚህ ጋ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። በፍላሽ የተቀዳ ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናያለን። የጌትስ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የደከመ ሰው ዋጋውን ማግኘት አለበት። የክለቡም ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የሌለው ሰው በምን ይማር? ከሁለቱም የሚያስታርቀው መንገድ ባለቤቱ በፈቃዱ የሚሰጠውን መጠቀም፣ ከጎደለም ተባብሮ መሥራት ይመስለናል።

ቤተ መጻሕፍቱ

ክለቡ በዲሴምበር 1986 የመጨረሻ ስብሰባውን አደረገ። ከ5 ዓመት በኋላ በዚያው ግቢ ሌላ ታሪክ ተጀመረ።

የስላክ ቤተ መጻሕፍት ስለ ፊዚክስ ጽሑፎች «ስፓየርስ» የተባለ ትልቅ የመረጃ ክምችት ነበረው። ሆኖም ከሩቅ ሆኖ በእሱ ለመፈለግ ልዩ ትእዛዞችን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በሴፕቴምበር 1991 ፖል ኩንዝ የተባሉ የስላክ ፊዚክስ ሊቅ ስዊዘርላንድ ወደሚገኘው ሰርን ሄደው ቲም በርነርስ ሊን አገኙ። በርነርስ ሊ «ዓለም አቀፍ ድር» ብለው የሰየሙትን አዲስ ሥራቸውን አሳዩአቸው። ኩንዝ ሲመለሱ ነገሩን ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ለሉዊዝ አዲስ ነገሩ። (ስማቸው ከእኛው ቃል ጋር ተገጣጠመ እንጂ ኢትዮጵያዊት አይደሉም።) ጥቅሙ ወዲያው የገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ አንባቢ በየቀኑ ምን እንደሚቸግረው ያውቃሉና።

ዲሴምበር 12 ቀን 1991 የስላክ የድር አገልጋይ ሥራ ጀመረ። ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው ነው። በሚቀጥለው ወር በርነርስ ሊ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገ የፊዚክስ ስብሰባ ላይ፣ ከዚያው ሆነው ካሊፎርኒያ ያለውን ክምችት ሲጠይቁና መልስ ሲያገኙ ለተሰብሳቢው አሳዩ። በኤፕሪል 30 ቀን 1993 ደግሞ ሰርን የድሩን ፕሮግራም ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ። ድሩ በዓለም የተስፋፋበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። በ1999 የእኛም ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የጋራ ኮድ ውስጥ ሲገባ፣ ሀ ብለን የጻፍነው በየትም አገር ኮምፒዩተር ሀ ሆኖ የሚነበብበት መንገድ ተከፈተ።

ምን እንያዝ?

ታሪኩን እንዳናጋንነው እንጠንቀቅ። የክለቡ ሰዎች ብዙዎቹ በኤሌክትሮኒክስ ድርጅቶች ተቀጥረው ደመወዝ የሚያገኙ ነበሩ፤ ዕቃ መሸጫው ቅርባቸው ነው፤ ማታ የሚገቡበት ቤት አላቸው። በአዳራሹም ሴቶች በጣም ጥቂት ነበሩ። የኛ ኑሮ ከነሱ ጋር አይወዳደርም። የሉዊዝ አዲስ ታሪክ ግን ለሴት ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ይነግራል፤ ለቴክኖሎጂ መንገድ የሚከፍተው ማሽኑን የሠራው ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚጠቅም ያወቀውም ጭምር ነው።

ያም ሆኖ የስብሰባው ደንብ ዶላር አይጠይቅም። «ይህን አውቃለሁ፣ ይህ ይቸግረኛል» ብሎ በሰው ፊት መናገር በጄኔሬተር አይሠራም፤ በደቦ እንጂ። ወረፋ ስንጠብቅ ዝም ብለን ከምንቆም አንዳችን ለሌላችን ብንነግር፣ ተራችን ሲደርስ ግማሹን አውቀን እንገባለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ስለ ኮምፒዩተር አያውቁም ነበር፤ ነገሩን ግን አውቀውታል።

ለክፍል ውይይት

1. በክፍላችሁ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀውን አንድ ነገርና የሚቸግረውን አንድ ነገር ይናገር። ማን ማንን ሊረዳ ይችላል?
2. በጌትስና በክለቡ መካከል በነበረው ክርክር እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትፈርዱ ነበር? ለምን?
3. ሰርን ድሩን በክፍያ ብቻ ይሁን ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን የሚለወጥ ይመስላችኋል?

መልሳችሁን ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ስጡ። ሰላም ሁኑ!